ስድስቱ የእድር አግዳሚዎች

ማክሰኞ ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ አገርነሽ ላይ ቀድሞ የመጣባት ሐሳብ «ማን ሞተ?» የሚል አልነበረም። «አግዳሚዎቹ!» የሚል ነበር። በዚህም አፈረች። ነጠላዋን ደርባ ደጅ ወጥታ ጥሩምባ ነፊውን አምሐን ስትጠብቅ እንኳ እፍረቱ አልለቀቃትም። አምሐ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ «እትየ ወለተ ኪዳን አርፈዋል። ቀብር ስድስት ሰዓት ሚካኤል ነው። ጋሽ ዳኘው ድንኳንና አግዳሚው አሁኑኑ ይውጣ ብለዋል» አላትና ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ወደሚቀጥለው መንደር አለፈ። ከእድሩ ሰዎች ሁሉ ዛሬ መሞት ያልነበረባቸው አንድ ሰው ቢኖሩ እትየ ወለተ ኪዳን ነበሩ።

የእድሩ ዕቃ የሚቀመጠው አገርነሽ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ነው። የክፍሏ ቁልፍ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከማተቧ ጋር ታስሮ አንገቷ ላይ ኖሯል። ስትከፍተው ድንኳኑ አለ፤ ሁለቱ ትልልቅ ድስቶች አሉ፤ መቶ ሃያው ሰሃን በጆንያ እንደታሰረ አለ። ከስምንቱ የዋንዛ አግዳሚዎች ግን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው። እነዚያን አግዳሚዎች ከሠላሳ ዓመት በፊት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው አናጢዎች ናቸው የሠሯቸው፤ አንዱ ሰባት ሰው ያስቀምጣል፣ ሲወፍሩም ስድስት። የእድሩ ደንብ ዳኛው ሳይፈርሙ አንዲት ማንኪያ እንኳ ከክፍሏ እንዳትወጣ ያዛል። ለልጃቸው ሠርግ ብርጭቆ የለመኗትን ጎረቤቶቿን አገርነሽ ራሷ «ደንብ ነው፣ አትቀየሙኝ» እያለች ባዶ እጃቸውን መልሳለች። ለወንድሟ ሲሆን ግን ያለ ወረቀት ከፈተች።

ወንድሟ ግሩም የአንድ መሥሪያ ቤት ምክትል ኃላፊ ነው፤ ሐይቁ አጠገብ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሠርቷል። ከፋሲካ ወዲህ ደጇን ረግጦ አያውቅም ነበር። የዛሬ ሦስት እሑድ ግን ሁለት ኪሎ ማንጎ አንጠልጥሎ መጣ፤ ሱሪው እንዳይነካ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ ባጃጅ ታሪፍ አወራ። ከዚያ ወሬው አለቀ። እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ በመካከላቸው ያለው ዝምታ እንደ ሦስተኛ ወንድም ሆኖ አብሯቸው ይቀመጣል። በመጨረሻ ግሩም ጉሮሮውን ጠርጎ ልጁ ቴዎ የሠራቸውን ዕቃዎች ሎጅ ውስጥ ሊያሳይ መሆኑን፣ ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች እንደሚመጡ፣ «ለአንድ ሳምንት ብቻ» አግዳሚ እንደሚፈልግ ነገራት። እሷም እንግዶቹ የሚቀመጡበት መስሏት ስድስቱን ሰጠች። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏት ነበር፤ ይህ ሁሉ ሰው የሚሰግድለት ወንድሟ አንድ ነገር ሲለምናት የመጀመሪያው ነበርና። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው ለዚህ ነው።

እትየ ወለተ ኪዳን ደቅ ደሴት ተወልደው በልጅነታቸው በጀልባ ባሕር ዳር የገቡ፣ ዕድሜያቸውን ፋብሪካ ውስጥ ክር ሲፈትሉ የጨረሱ ሴት ነበሩ። ልጅ የላቸውም፤ ዘመድ የሚባል አልቀረላቸውም። ሠላሳ አንድ ዓመት የእድር መዋጮ አንድ ወር አሳልፈው አያውቁም፤ ሀብታም ሞተ ድሃ ሞተ ሦስቱንም ቀን መጥተው በድንኳኑ በር በኩል ባለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ያቺ ቦታ የእሳቸው ነች፤ ሌላ ሰው አይቀመጥባትም። በጾሙ የታመሙ ጊዜ አገርነሽ ሾርባ ይዛ ስትሄድ እጇን ያዝ አድርገው «እኔ አልቅሱልኝ አልልሽም፤ የሚያለቅስልኝስ ከየት ይመጣል። አግዳሚው ብቻ ሞልቶ ይታይልኝ። ባዶ ድንኳን አታርጉብኝ» ብለዋት ነበር። አገርነሽም በሚካኤል ስም ምላላቸዋለች። መሐላዋ አሁን ሎጅ ውስጥ ነበር።

የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዳኘው ለድንኳኑ ሲመጡ ሁለቱን አግዳሚዎች አዩ፤ የቀረውን ባዶ መሬትም አዩ። ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው፤ ጥያቄ ሲጠይቁ መልሱን እንደሚያውቁ ያስታውቃሉ። «ሌሎቹስ?» አሏት። «ወንድሜ ጋ ናቸው። ሰጠሁት። እስከ አምስት ሰዓት አስገባቸዋለሁ» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች። ጋሽ ዳኘው ማን ፈረመልሽ አላሏትም፤ ቢሏት ይሻላት ነበር። ከጎረቤት እድር እንዳይበደሩ እዚያም ለቅሶ እንዳለ ብቻ ነገሯት። ድንኳን ሊተክሉ ከመጡት መካከል የእህል ነጋዴው ሙሀመድየሱፍ ነበር። አይሱዙው ሌሊቱን ከወረታ ሩዝ ጭኖ ገብቶ እየተራገፈ ነው። «እህቴ፣ አንቺ በባጃጅ ቅደሚ። እኔ አራግፌ ሰው ይዤ እከተልሻለሁ» አላት። ስለ ነዳጅ አንድ ቃል አላነሣም።

ሎጁ በር ላይ ያለው ዘበኛ ነጠላዋን አይቶ ለወጥ ቤት ሥራ የመጣች መስሎት በጓሮ በኩል እንድትዞር ነገራት። የባለ ዕቃው አክስት መሆኗን ስትነግረው ከራሷ እስከ ጫማዋ አያት፤ ከዚያ ሳያምን አሳለፋት። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል «ዕቃና ሐሳብ» ተብሎ ተጽፏል። ዕቃ ሞልቷል፤ ሐሳቡን ያየ ሰው ካለ እሱ ይናገር። መጀመሪያ ያየችው ከዓሣ መረብ የተሰፋ ጃንጥላ ነው፣ አርባ አምስት ሺህ ብር። የባሕር ዳርን የሐምሌ ዝናብ ይህን ዘርግቶ የሚወጣ ሰው ማን ይሆን ብላ አሰበች። ቀጥሎ እስከ አፉ ሲሚንቶ የተሞላ ሞሶብ፤ ቀጥሎ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ጭልፋ፤ ቀጥሎ ከሸክላ የተሠራ፣ አንዴ ቢጠመዘዝ የሚሰበር የበር ቁልፍ። አንዲት የደንገል ታንኳ ሆዷ ተቀዶ አምፖል ገብቶባት በቁሟ ተሰቅላለች፤ ሐይቁ ከመስኮቱ ማዶ አሥር እርምጃ ላይ ነው። ሰዎች ብርጭቆ ይዘው በዝግታ ይዞራሉ፤ በየዕቃው ፊት ቆመው ጭንቅላታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ፤ ምንም ያልገባው ሰው ሁሉ ከጎኑ ያለው የገባው ይመስለዋል። ከመካከላቸው አንድ እንኳ «ይህ ምን ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

አግዳሚዎቹ አዳራሹ መሐል ናቸው። ቀይ ገመድ ዙሪያቸውን ተወጥሯል፤ መብራት ከላይ ወርዶባቸዋል። ከእያንዳንዱ አግዳሚ በአንዱ በኩል ያሉት ሁለት እግሮች ከእኩሌታቸው ተቆርጠዋል። ስድስቱም አግዳሚ ባንድ በኩል ተንበርክኳል። በጎናቸው በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው የእድሩ ስም አልተፋቀም፤ እንዲያውም እንዲያበራ ቫርኒሽ ተቀብቷል። ከፊታቸው የቆመው ሰሌዳ «መቀመጥ ምንድን ነው? የባህላዊ አግዳሚ አዲስ ትርጓሜ። የአንዱ ዋጋ መቶ ሰማንያ ሺህ ብር» ይላል። ከሥሩም በትንሹ «እባክዎ አይቀመጡ» ይላል። አገርነሽ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እንባዋ መጣ፤ የንዴት እንባ ነው፣ እሷም የሚያያትም ያውቀዋል።

ቴዎ ፈገግ ብሎ መጣ። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ጣሊያን አገር ስድስት ወር ተምሮ ስድስት ዓመት ያወራል። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፤ እርሳሱ ከተገዛ ጀምሮ ተቀርጾ አያውቅም። በልጅነቱ እርስዎ ይላት ነበር። ከጣሊያን ከተመለሰ ወዲህ ግን «መቀራረብ ነው» ብሎ አንቺ ይላታል።

«ቆረጥኸው» አለችው።

«አልቆረጥኩትም አክስቴ። ከአገልግሎት ነጻ አወጣሁት። አየሽ፣ ሰው አግዳሚ ሲያይ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አያስብም። አሁን ግን ያስባል።»

«ምን ብሎ?»

«ለምን መቀመጥ አልቻልኩም ብሎ ነዋ!»

ግሩም ከእንግዶቹ መካከል ነጠል ብሎ መጥቶ ክርኗን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰዳት። ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ ሽቶው ቀድሞት ደረሰ። «ድምፅሽን ቀንሺ እባክሽ፣ ትልልቅ ሰዎች አሉ» አላት። እትየ ወለተ ኪዳን መሞታቸውን ነገረችው። «የትኛዋ?» አለ። አገርነሽ መልስ ከመስጠቷ በፊት ትንሽ አየችው። እሱ ተማሪ ሳለ አባታቸው ከሥራ ወጥተው ቤቱ የተራበ ጊዜ፣ ከፋብሪካው የሚሰጣቸውን ዳቦ ከሁለት ከፍለው በአጥር ላይ ያቀብሉት የነበሩት ሴት ናቸው። «ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው። አግዳሚውን ስጡኝ፣ የተቆረጠውንም ቢሆን» አለችው።

«ዛሬ አይሆንም። ሁለቱ ተሽጠዋል፤ ገዢው ከሰዓት ያያቸዋል። ሌላው ሁሉ በዝርዝር ተመዝግቧል። ለሐሙስ ሃምሳ የፕላስቲክ ወንበር አስገዛልሻለሁ፤ እድራችሁ ይዘምናል።»

«ሐሙስ ሦስተኛው ቀን ነው። ሐሙስ ድንኳን ይነቀላል።»

ግሩም ሰዓቱን አየ። ከዚያ ሁለቱም ሐይቁን አዩ። ጀልባ ወደ ደቅ እየሄደች ነበር፤ ከውኃው በላይ የምትታየው ጣሪያዋ ብቻ ነው። እህትና ወንድም እንዲህ ትከሻ ለትከሻ የቆሙት ከእናታቸው ቀብር በኋላ ይህ የመጀመሪያው ነበር። ግሩም ከእንግዶቹ አንዱ ሲጠራው «መጣሁ!» ብሎ ሄደ፤ እየሄደም ፈገግታውን ፊቱ ላይ አስተካከለ።

አገርነሽ ቀዩን ገመድ ከፍ አድርጋ ሥሩ ገባችና አንዱ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ተንሸራተተች። በሁለት እግሮቿ ወለሉን ቆንጥጣ ያዘች፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች፤ ወለተ ኪዳንን እያሰበች ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ጀመር። አዳራሹ ጸጥ አለ። ትልቅ መነጽር ያደረገች አንዲት ሴት ለጓደኛዋ «ትርኢትም አለው እንዴ? እንዴት ደስ ይላል!» ስትል ተሰማ። ስልኮች ወጡ። ቴዎ ሊያስነሣት አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስልኮቹን ሲያይ ዘጋው። እጆቹን አጣምሮ ድምፁን ወፈር አድርጎ «ተሳታፊዋ የአካባቢው ማኅበረሰብ አባል ናት» አለ። የአባቱን ታላቅ እህት ነው እንዲህ ያለው፤ በልጅነቱ ስታዝለው የኖረችውን።

ግማሽ ሰዓት እንዲህ ሆና ቆየች። ከዚያ ሙሀመድየሱፍ አምስት የእድር ሰዎች አስከትሎ ገባ፤ ሰዎቹ ጋቢያቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው የለበሱ፣ ጫማቸው የመቃብር ቁፋሮ አፈር የያዘ ናቸው። ገመዱን ፈትተው አግዳሚዎቹን ሁለት ሁለት ሆነው ማንሣት ሲጀምሩ አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ሙሀመድየሱፍ ደንግጦ ወደ አገርነሽ ጠጋ አለና «ለምንድን ነው የሚያጨበጭቡት?» አላት። «እግዜር ይወቅ። አንሡ ብቻ» አለችው። ግሩም እየተንደረደረ ሊያስቆማቸው ሲመጣ ልጁ ክንዱን ያዘው። «ተወው አባባ፣ እየቀረፁ ነው» አለው በሹክሹክታ። እናም ያ ሁሉ ዝርዝር፣ ያ ሁሉ ምዝገባ ተረሳ። መነጽራሟ ሴት አግዳሚ የተሸከመ አንድ ሸማኔ አስቁማ አብራው ፎቶ ተነሣች። ስድስቱ አግዳሚዎች ያለ አንድ ፊርማ እንደገቡ ያለ አንድ ፊርማ ወጥተው አይሱዙው ላይ ተጫኑ። ቴዎ ካሜራውን አንገቱ ላይ አድርጎ በአባቱ መኪና ተከተላቸው፤ «መጨረሻው እዚያ ነው» ይል ነበር። ግሩምም ከመቅረት መምጣት ሳይሻል አይቀርም ብሎ መጣ፤ ቀብር ላይ አለመታየት ስም ያጠፋል።

ቀብሩ አጭር ነበር። ዘመድ ስለሌለ ሣጥኑ ላይ የሚወድቅ አልነበረም። ከመቃብር ሲመለሱ ግን ሰው በዛ፤ ፋብሪካው ውስጥ አብረዋቸው የፈተሉ ጡረተኞች፣ ባለፉት ሠላሳ አንድ ዓመታት ለቅሶ የደረሱላቸው ሁሉ ከአራቱም ማዕዘን መጡ። አገርነሽ የፈራችው ባዶ ድንኳን ነበር፤ የመጣው መቀመጫ የሚያጣ ሕዝብ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ አግዳሚ ላይ እንደተቀመጡ አንዱ ባንዱ ላይ ተንሸራተው መሬት ወረዱ። የሰባ ስምንት ዓመት ሰው በለቅሶ ቤት በጀርባው ተንጋሎ ከዘራው ሩቅ ወደቀ። አንድም ሰው አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር።

አገርነሽ ከሰው ፊት ወጥታ ጋሽ ዳኘው ፊት ቆመች። «እኔ ነኝ። ያለ ፊርማ ለወንድሜ ሰጠሁት፤ ልጁ ቆረጠው። ጥፋቱ የኔ ነው» አለች፤ ድምፅዋ እስከ ድንኳኑ ዳር ተሰማ። ከዚያ እጇን ወደ አንገቷ ልካ ቁልፉን ከማተቧ ፈታች። ቋጠሮው አሥራ አራት ዓመት የቆየ ነውና እምቢ አላት፤ በጥርሷ ነክሳ አላላችው። አይሆንም፣ ያዢው ይሉኛል ብላ በልቧ ተስፋ አድርጋ ነበር። ጋሽ ዳኘው ቁልፉን ተቀብለው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። ደንብ ነው፤ እሷም ስንቱን ደንብ ነው ብላ መልሳለች። አንገቷ ግን ባዶ የሆነ መሰላት፤ ማተቧን ደጋግማ ነካችው።

ሙሀመድየሱፍ ከጎረቤት ግንባታ ብሎኬት አስመጥቶ በአግዳሚዎቹ አጭር ጎን ሥር እያስደገፈ አምስቱን አስተካከለ። ስድስተኛው እምቢ አለ። መጋዙ ጫፉን ሰንጥቆታል፤ ብሎኬት ሲገባበት ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሰው ሲቀመጥበት ብሎኬቱ ይወድቃል። ያ ደግሞ በር ላይ ያለው፣ የወለተ ኪዳን አግዳሚ ነው። ስድስት ሰው አጠገቡ ቆሞ ይጠብቃል። ቴዎ ድንኳኑ ጥግ ሆኖ ካሜራውን ወደ ስንጥቁ ያነጣጥራል።

ጋሽ ዳኘው ወደ እሱ አላዩም። ወደ አባቱ ነው የዞሩት። «አቶ ግሩም፣ የእድሩን ንብረት ስላበላሸ አባል ደንቡ ምን ይላል?» አሉ፤ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደሚጠይቁ ሆነው። ግሩም ደንቡ እንደሚያሰናብት ያውቃል፤ ልጁ ደግሞ በእሱ መዝገብ ሥር ነው። ከእድር የተሰናበተ ሰው ሲሞት ጥሩምባ አይነፋለትም፤ ድንኳን አይተከልለትም፤ ሣጥኑን የሚሸከም አይመጣም። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲገባ ሃምሳ ሰው ብድግ ይልለታል፤ ከሃምሳው አንድ እንኳ መቃብር እንደማይቆፍርለት ግን ግሩም ከማንም በላይ ያውቃል። ግራጫ ልብሱ ውስጥ ላብ ጀመረው። እህቱን አያት። እሷም አየችው፤ ምንም አላገዘችውም።

«ያዝ» አለው ልጁን።

«ምኑን አባባ?»

«ጫፉን ያዝ!»

ቴዎ ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ የቆሙትን ሰዎች ፊት አየ፤ አንዱም የሚያጨበጭብ አይመስልም። አምሐ ካሜራውን ከአንገቱ ላይ ቀስ ብሎ አወለቀለት። ቴዎ ተንበረከከ፤ የተሰነጠቀውን ጫፍ በሁለት እጁ አንሥቶ ትከሻው ላይ አሳረፈ፤ አግዳሚው ተስተካከለ። ስድስት ሰዎች ተራ በተራ ተቀመጡበት፤ በእያንዳንዱ ሰው የቴዎ ጀርባ ትንሽ ዝቅ አለ። ሰባተኛዋ ቦታ፣ የበሩ ጫፍ፣ ልክ ከትከሻው በላይ ያለችው ቀረች። ማንም አልደፈራትም። ጋሽ ዳኘው አገርነሽን በአገጫቸው ጠቆሟት። ሄዳ ተቀመጠች። ስምንቱም አግዳሚ ሞላ፤ ከመንገድ ላይ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ድንኳኑን እያየ ትልቅ ሰው ሞቷል ብሎ ባርኔጣውን ያወርድ ነበር።

ንፍሮው ዞረ። እርሳሱ ከቴዎ ጆሮ ላይ ወድቆ አፈር ላይ ተጋደመ፤ የሚያነሣለት ሰው አልነበረም። ፀሐይ ከድንኳኑ አንድ በኩል ወደ ሌላው ዞረች። ከሥር አንገቱን ቀና፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አክስቴ» አለ።

«እ።»

«እስከ ስንት ሰዓት ልያዝ ይላሉ?»

ከጣሊያን ከተመለሰ ወዲህ እርስዎ ብሏት አያውቅም ነበር። አገርነሽ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ወደ ታች አላየችም።

«እስከ ሐሙስ» አለችው።